ፉዚ፦ የቁራ ራስ ልጅ

ፉዚ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ ከሚፈሩትም ከሚፈለጉትም መድኃኒቶች አንዱ ነው። የሚገኘው አኮኒተም ካርማይኬሊ ከተባለ፣ ሰማያዊ ወይን ጠጅ አበባ ካለው ተክል ሥር ነው። ጫፉ የሾለው ጥቁር ዋና ሥር በቻይንኛ ዉቶው፣ ማለትም «የቁራ ራስ» ይባላል። ከጎኑ ተለጥፎ የሚያድገው ቅጥያ ሥር ፉዚ፣ «ተለጣፊው ልጅ» ነው። እናቲቱ በተለይ ለቁርጥማት፣ ልጁ ሰውነትን ለማሞቅና የደከመን ልብ ለማነቃቃት ይታዘዛሉ። ስመ ጥሩው ፉዚ የሲችዋኑ የጂያንግዮው ምርት ሲሆን፣ ከሰኔ መገባደጃ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ ይቆፈራል።

መርዙ አኮኒቲን ይባላል። ንጹሑ ሁለት ሚሊግራም ያህሉ ብቻ ሰው ሊገድል ይችላል። በነርቭና በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ላይ ያሉትን የሶዲየም መግቢያዎች ከፍቶ እንዳይዘጉ ያደርጋል። በመጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ የልብ ምት ይዛባል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞች ምቱን ለማስተካከል ይታገላሉ እንጂ።

ቻይናውያን ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት የሃን ሥርወ መንግሥት ንግሥት ሹ ፒንግጁን ገና ከመውለዷ፣ አንዲት ሐኪም የተፈጨ ፉዚ ከመድኃኒቷ ጋር ቀላቅላ ሰጠቻት። ንግሥቲቱ ራሷን ከብዷት መድኃኒቱ መርዝ እንዳለበት ጠይቃ እንደነበር የሥርወ መንግሥቱ ታሪክ መዝግቧል። ሐኪሟ የለም አለቻት፤ ንግሥቲቱም ሞተች።

መርዙን የሚያበርደው እሳትና ጊዜ ነው። ሙቀትና ውሃ አኮኒቲንን ሰባብረው መርዛማነቱ እጅግ ወዳነሰ ውሕድ ይለውጡታል። አዲስ የተቆፈረው ፉዚ ጨው ሲመረት በሚተርፈው መራራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይቀቀላል፣ ይላጣል ወይም እንዳለ ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይደርቃል። የእናቲቱን ሥር በተመለከተ የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መቀቀልን ያዛል። መብሰሉ የሚታወቀው ትልቁ ተመርጦ ሲቆረጥ መሐሉ ነጭ ካልሆነና ሲቀመስ ምላስን ጥቂት ብቻ ካደነዘዘ ነው። በዚህ ዘመን ምላስ መሣሪያ ሆኖ መቅረቱ ያስገርማል።

ጥሬው ፉዚ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የቻይና ደንብ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መርዘኛ መድኃኒቶች ተርታ ነው። የተዘጋጀውም ቢሆን በቤት ሲፈላ ብቻውን ቀድሞ ይጣዳል፤ ሌሎቹ ዕፅዋት የሚጨመሩት ቆይቶ ነው። መመረዝ የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ማሰሮው ቶሎ ከእሳት ሲወርድ፣ መጠኑ ሲበዛ ወይም ያልተዘጋጀው ሥር ሲሸጥ ነው።