አምቡላንስም የሥራ ቦታ ነው

ለወረዳዎች አምቡላንስ በብዛት መከፋፈል የጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ነው። ዓላማው በወሊድ የሚሞቱ እናቶችን ማዳን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ መኪናው ላይ ቀረ፦ ስንቱ ይሠራል፣ ስንቱ ጋራዥ ቆሟል፣ ነዳጁን ማን ይሙላ? ውስጡ ውሎ የሚያድረው ሰው ጤና ግን እምብዛም አይነሳም።

ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል የሚደረገውን ጉዞ እንይ። ምጥ የያዛት እናት ቃሬዛው ላይ ተኝታለች። አዋላጇ አጠገቧ በርከክ ብላ በአንድ እጇ ጉሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ በሌላው እናቲቱን ትደግፋለች። ቀበቶ ካሰረች እናቲቱ ጋ አትደርስም፤ ካላሰረች መኪናው ኮሮኮንቹ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ከብረቱ ጋር ትላተማለች። ሆስፒታል ደርሰው እናቲቱ ስትገባ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ደም የሚያጥበው ሹፌሩ ነው። ወፍራም ጓንትና ክሎሪን ካልተሰጠው በባዶ እጁና በባልዲ ውኃ ያጥባል።

ደም ሲያጥብ ወለሉ ላይ በቀረ መርፌ የተወጋ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ አንድ ጊዜ በመወጋት የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መከላከያ መድኃኒትም አለው። ላልተከተበ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ዕድል ግን ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቅ ነው። እንዲህ ያለ መከላከያ እያለ ሹፌሩን «የጤና ባለሙያ አይደለም» ብሎ ማለፍ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው። ደሙን የሚያጥበው እሱ ነውና።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የጆሮ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክሩት ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ በ100 ዴሲቤል ግን 15 ደቂቃ ብቻ። ሳይረን ከመቶ በላይ ይጮኻል፤ መስኮት ተከፍቶ ሲነዳ ድምፁ በቀጥታ ይገባል። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ የሚያስል የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ የሚያወጣው አየር መኪናው ውስጥ ይታመቃል። የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. አረጋግጧል፤ ሞተር ሳያጠፉ ተራ መጠበቅ ይህንኑ ጭስ መተንፈስ ነው። የወገብ ሕመሙን፣ የሌሊት ተረኝነቱን፣ መንገድ ላይ የሞተን ሕፃን ይዞ መመለስንም እንጨምር።

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤና ዓለም አቀፍ ስምምነትን (ቁጥር 155) በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ አደጋና ከሥራ ምክንያት ከሚመጣ በሽታ እንዲጠብቅ ያዛል። ክፍተቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ፋብሪካ በር፣ አድራሻና ተቆጣጣሪ አለው፤ አምቡላንስን ግን እንደ ንብረት እንጂ እንደ ሥራ ቦታ አናየውም።

የወረዳ ምክር ቤት አባላትና የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የአምቡላንስ በጀት ስታጸድቁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሹፌሩና አዋላጇ ተከትበዋል? ማጠቢያ ጓንትና ክሎሪን መኪናው ላይ አለ? ሌሊቱን የነዳ ሰው ጠዋት ያርፋል?