ጠመንጃው የጋራ፣ አዛዡስ የማን?

ምልምልን ማሰለፍና ዒላማ ማስመታት የወራት ሥራ ነው። አጠገቡ የመሸገው የሌላ እምነት ልጅ እንደማይከዳው ማሳመን ግን አሠልጣኝ ሊሰጠው የሚችል ትምህርት አይደለም። ኢራቅ ይህን ያወቀችው በደም ነው።

በሜይ 2003 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር የሳዳምን ጦር በአንድ ትእዛዝ በተነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ የለመደ ሰው ያለ ሥራ ቀረ፤ ከሱኒ መኮንኖቹም ጥቂት የማይባሉት ኋላ ከአማፂው ጎን ተገኙ። በኤፕሪል 2004 ከአዲሱ ጦር አንድ ሻለቃ ወደ ፋሉጃ ዝመት ሲባል እምቢ አለ። ወታደሮቹ የተቀጠርነው ኢራቃዊ ልንወጋ አይደለም ባዮች ነበሩ።

ፖሊሱ የባሰ ነበር። በፌብሩዋሪ 2006 ሳማራ የሚገኘው የሺዓዎች የአል አስካሪ መካነ መቃብር በፈንጂ ሲናጋ፣ የሺዓ ሚሊሻዎች የመንግሥትን የደንብ ልብስ ለብሰው ለበቀል ወጡ። መታወቂያው ላይ «ዑመር» የሚል፣ ሱኒነቱን የሚያሳብቅ ስም ያለበት ሰው ኬላ ማለፍ ፈራ።

በእኔ ግምት ግን ጦሩን ከውስጥ የበላው ከሃይማኖቱ ይልቅ የሹመቱ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ የክፍለ ጦር አዛዦች ሹመት በፓርላማ ይጽደቅ ይላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል ማሊኪ ግን ሰዎቻቸውን «ተጠባባቂ» እያሉ ሾሙ። ታማኝነት ከችሎታ ሲቀድም ሌብነት ተከተለ። ደመወዛቸው እየተበላ ግንባር የማይታዩትን ወታደሮች ሕዝቡ «የጠፈር ሰዎች» ይላቸዋል፤ በ2014 መጨረሻ ተተኪያቸው ሃይደር አል አባዲ 50,000 እንዲህ ያሉ ስሞች መገኘታቸውን ለፓርላማ ተናገሩ። ሞሱል ግን ከዚያ በፊት፣ በጁን፣ በቁጥር እጅግ በሚያንስ የአይሲስ ኃይል እጅ ወድቃ ነበር። ያኔ የሺዓው የሃይማኖት መሪ አያቶላህ ሲስታኒ የክተት ጥሪ ሲያስተላልፉ ከጦሩ ጎን በአብዛኛው የሺዓ ሚሊሻዎች ያሉበት ሌላ ጦር ቆመ፤ በ2016ም በሕግ ታወቀ።

አሜሪካኖች ሱኒውን፣ ሺዓውንና ኩርዱን ቀላቅለው ያሠለጠኑትና ለዓመታት ያልተለዩት የፀረ ሽብር ኃይል ግን አልፈረሰም፤ ሞሱልን በማስመለሱ ውጊያ ከፊት የነበረው እሱ ነው። ችግሩ፣ በዚያ መንገድ የሚሠለጥነው ጥቂት መሆኑ ነው።

ሊባኖስ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1976 እና በ1984 በእምነት የተሰነጠቀው ጦሯ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ብርጌዶቹን አደባልቆ እንደገና ተዋቀረ። ዋና አዛዡ በልማድ ማሮናዊ ክርስቲያን ነው፤ ሆኖም በ2007 በናህር አል ባሬድ የፍልስጤም ስደተኞች መጠለያ ከሱኒ ታጣቂዎች ጋር ሲዋጋ ሱኒ ወታደሮቹ ጥለው አልሄዱም። የፈተነው በኋላ የመጣው ችግር ነው፦ ገንዘቡ ዋጋ ሲያጣ በ2020 ከወታደሩ ምግብ ላይ ሥጋ ቀረ፤ በ2022 ኳታር ለደመወዝ መደጎሚያ 60 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች።