የኮራል ገንዳን ወደ ሰፊ ገንዳ ማዛወር፦ ለዓይን የማይታየውን ማኅበረሰብ ስለመጠበቅ



የዛሬውን ገለጻዬን በአንድ ጥፋቴ እጀምራለሁ። ለዶክትሬት ትምህርት በአውሮፓ ሳለሁ፣ በቤተ ሙከራው መተላለፊያ የቆመ፣ 200 ሊትር የሚይዝ የጨዋማ ውኃ ገንዳ እንድንከባከብ አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። በውስጡ ኮራሎች፣ ጥቂት ዓሦችና ለዓመታት ያልተነካ አሸዋ ነበሩበት። 500 ሊትር የሚይዝ አዲስ ገንዳ በተገኘ ጊዜ ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ውኃውን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን አንድም ሳላስቀር ገለበጥኩና «ሰፊ ቤት አገኙ» ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹን ከውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ አገኘኋቸው። እስከ ቀትር ድረስ ሦስቱ ሞቱ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ብሂል እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ለመሆኑ ሰፊ ቤት እንዴት ይገድላል? ገለጻዬ የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው።

ዓሣ ሲተነፍስና ሲመገብ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። መርዝነቱም በውኃው ፒኤች ይወሰናል፤ ፒኤች በ1 ከፍ ሲል መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.1 አካባቢ በመሆኑ፣ በጣፋጭ ውኃ ብዙም የማይጎዳ መጠን በዚህ ይገድላል። በቆየ ገንዳ ውስጥ ዓሦቹን በሕይወት የሚያኖሯቸው አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ናቸው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በድንጋይ፣ በአሸዋና በማጣሪያ ላይ ተጣብቀው ነው። ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕር የመጣ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ የገንዳን ውኃ ንጹሕ አድርገው ሊያቆዩ እንደሚችሉ ለአንባብያን አሳወቀ። ማጣሪያው ራሱ ድንጋዩ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ገንዳ በምናዛውርበት ጊዜ በዋናነት የምናዛውረው ዓሣውን ሳይሆን ይህንን ለዓይን የማይታይ ማኅበረሰብ ነው።

ስሕተቴ የነበረው ከአሸዋው ላይ ነው። ድንጋይ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያገኛሉ። በወፍራም አሸዋ ሥር ግን ኦክስጅን የለም፤ በዚያ የምግብ ትራፊና ኩስ ለዓመታት ይከማቻል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ሊፈጠር ይችላል። ሳይነካ እስከቆየ ድረስ እምብዛም አይጎዳም። ተገልብጦ ሲበተን ግን የተከማቸው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ ውኃው ይገባል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ አሞኒያውንም ይጨምራል። ድንጋዩ ላይ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ደግሞ የተለካው በዕለት ምግቡ እንጂ በድንገተኛ ጎርፍ አይደለም። የዓሦቼ ሞት ምክንያት ይኸው ነበር።

ከዚህ ግንዛቤ ተነሥተን የሥራውን ቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፣ ክብደቱን አስሉ። የአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ክብደት 1.025 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ የ500 ሊትር ገንዳ ውኃ ብቻውን ከ510 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ መስተዋቱና ድንጋዩ በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ወለሉና ማቆሚያው ይህንን መሸከም አለባቸው። ባዶውን ገንዳ በተራ ውኃ ሞልቶ ማሳደርና አለማፍሰሱን ማረጋገጥም ተገቢ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱን ውኃ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁ። ከ200 ወደ 500 ሊትር ለመሸጋገር 300 ሊትር አዲስ ውኃ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የባሕር ጨው ቅይጥ ይሟሟል። ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሆኖ ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። አልካሊኒቲም አይዘንጋ። የተፈጥሮ የባሕር ውኃ በጀርመን መለኪያ 6.5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ለገበያ የሚቀርቡ አንዳንድ ቅይጦች 11 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ዓሣው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል፤ አጽሙን ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት የሚገነባው ኮራል ግን ድንገተኛውን ለውጥ በጫፎቹ መቃጠል ይገልጸዋል።

ሦስተኛ፣ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ጥሩውን አሮጌ ውኃ ወደ ንጹሕ በርሜል ቅዱ። ከነካችሁ በኋላ የምትቀዱት ድፍርሱን ነው። ቀጥሎ ኮራሎቹን፣ ከዚያም ድንጋዮቹን አውጡ። ድንጋዩ በአሮጌው ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ይቆይ እንጂ በአየር ላይ አይድረቅ፤ በላዩ የሚኖሩት ስፖንጆች ከሞቱ ሌላ የአሞኒያ ምንጭ ይሆናሉና። ዓሦቹን በመጨረሻ ያዙ፤ ድንጋዩ ከወጣና ውኃው ከጎደለ በኋላ ያለ ብዙ ማሳደድ ይያዛሉ። በማሞቂያና በአየር ፓምፕ በሚታገዝ ክዳን ባለው ዕቃ ይቆዩ።

አራተኛ፣ አሮጌውን አሸዋ ተዉት። አዲስ አሸዋ በደንብ አለቅልቃችሁ ተጠቀሙ፤ ከአሮጌው ገጽ ላይ ብቻ ጥቂት እፍኝ ለዘር ውሰዱ። ድንጋዮቹን ግን በቀጥታ በገንዳው መሠረት ላይ አስቀምጡ፤ አሸዋው በኋላ ይጨመር። አሸዋ የሚቆፍሩ ዓሦች ከሥሩ ሲቆፍሩ ድንጋዩ እንዳይናድ ነው።

አምስተኛ፣ ብርሃኑን ቀንሱ። አዲስ ገንዳ ብዙ ጊዜ ከጠንካራ መብራት ጋር ይመጣል። በኮራሉ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጡ ደቂቅ አልጌዎች ይኖራሉ። ብርሃኑ በድንገት ሲበረታ እነዚህ አልጌዎች ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን ያመነጫሉ፤ ኮራሉም ያስወጣቸውና ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ኮራሎቹን በመጀመሪያ ከታች አስቀምጡ፤ ብርሃኑንም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ አድርጉ።

ለመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያን በየቀኑ ለኩ፤ ምግብ ቀንሱ፤ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆን የተዘጋጀ ውኃ ይኑራችሁ።

በመጨረሻም ትልቁን ፈተና ልንገራችሁ። ገንዳው ሲሰፋ ባዶ መስሎ ይታያል፤ አዲስ ዓሣ ለመጨመር እጃችን ይቸኩላል። ይሁን እንጂ የባክቴሪያው ቁጥር የሚያድገው በሚያገኘው ቆሻሻ ልክ እንጂ በመስተዋቱ ስፋት አይደለም። 500 ሊትሩ ገንዳ በመጀመሪያው ቀን የሚሸከመው የ200 ሊትሩን ነዋሪዎች ያህል ነው። አቅሙ የሚሰፋው በጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ዓሣ በሳምንታት ልዩነት ሊጨመር ይገባል።

ትዕግሥት ለታላላቅ ተቋማትም ግዴታ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ስታይንሃርት አኳሪየም ሕንጻው እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ጊዜያዊ ሥፍራ ተዛውሮ፣ በ2008 በጎልደን ጌት ፓርክ ለሕዝብ ተመልሶ ተከፈተ። በአዲሱ ሕንጻ ያለው የፊሊፒንስ ኮራል ገንዳ ወደ 800,000 ሊትር ይይዛል። መጠኑ ከእኛ ገንዳ ጋር ባይነጻጸርም፣ የአሞኒያው ኬሚስትሪ ያው አንድ ነው።

በባሕር ያለ ዓሣ ውኃው ሲከፋበት ይሸሻል። በገንዳ ያለው ግን መሸሻ የለውም፤ ያለው እኛ ያዘጋጀንለት ውኃ ብቻ ነው። እነዚያ ሦስት ዓሦች ሞታቸውን ያገኙት እኔ «ደግ ሠራሁላችሁ» ባልኩበት ቀን ነበር። ለሕይወት ደግ መሥራት የምንሻ ሁሉ፣ ደግነታችን ከማይታየው ነገር ጋር ይስማማ እንደሆነ አስቀድመን መመርመር ይገባናል።