ስም ብቻውን አይጫወትም

ዛሬ ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። በመጀመሪያ ግን ይህን ርዕስ ለምን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ሳምንት በክፍሎች ውድድር የእኛ ክፍል ሴቶች ተሸነፍን። ዘንድሮ ክፍል ሲደለደል ጎበዝ የተባሉ ሦስት ልጆች ወደ እኛ ስለመጡ «ዋንጫው የእናንተ ነው» ያላለን ሰው አልነበረም። ግን 18 ለ 11 ተሸነፍን። እኔም ሜዳ ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ስናልፍ የሚስቁብን አሉ። ሁለት ልጆች ደግሞ «ሁለተኛ አንጫወትም» ብለው ማሊያቸውን መለሱ። የስፖርት መምህራችን ይህን ሲሰሙ ሰብስበው የኤል.ኤስ.ዩን ታሪክ ነገሩን።

ኤል.ኤስ.ዩ ማን ነው?

ኤል.ኤስ.ዩ በአሜሪካ የሚገኘው የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቅርጫት ኳስ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይካሄዳል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም ኤል.ኤስ.ዩ አዮዋን 102 ለ 85 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ላይ ለቀጣዩ ዓመት ሁለት ታዋቂ ተጫዋቾች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መጡለት። እነሱም ሄይሊ ቫን ሊዝ እና አኒሳ ሞሮው ናቸው። ኮከቧ አንጀል ሪስም አለች። ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር 1ኛ ደረጃ ተሰጠው።

ከዚያስ ምን ሆነ?

ጥቅምት 26 ቀን 2016 ዓ.ም በላስ ቬጋስ ከተማ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከኮሎራዶ ጋር አደረገ። የኮሎራዶ ደረጃ 20ኛ ነበር። ውጤቱ ግን 92 ለ 78 ኮሎራዶ አሸነፈ! ፍሪዳ ፎርማን የተባለችው የኮሎራዶ ተጫዋች ብቻዋን 27 ነጥብ አስቆጠረች። ችግሩም በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንጀል ሪስ በአንድ ጨዋታ ሁለተኛውን አጋማሽ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጨረሰች። ቀጥሎ አራት ጨዋታ አልተሰለፈችም።

ለምን ተሸነፉ?

እኔ መምህራችን ካስረዱን ሦስት ምክንያት ይዣለሁ።

1ኛ፦ የሄዱትን ማንም አላሰበም። ሰው ሁሉ የመጡትን ብቻ ቆጠረ። ኳስ ይዛ ጨዋታውን የምትመራው አሌክሲስ ሞሪስ ጨርሳ ሄዳለች። በፍጻሜው ተቀይራ ገብታ 22 ነጥብ ያስቆጠረችው ጃስሚን ካርሰንም የለችም።

2ኛ፦ ቦታ መቀየር ከባድ ነው። ቫን ሊዝ በፊት ሥራዋ በብዛት ነጥብ ማስቆጠር ነበር። እዚህ ስትመጣ ግን ኳስ እያቀበለች ሌሎችን እንድታጫውት ተደረገ። ጎበዝ ብትሆንም አዲስ ሥራ በአንድ ቀን አይለመድም።

3ኛ፦ ኳሷ አንድ ናት። ቫን ሊዝም ሞሮውም በድሮ ቡድናቸው ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥሩት እነሱ ነበሩ። አሁን ማን ትወርውር? ማን ትጠብቅ? ማን ወደ ኋላ ተመልሳ ትከላከል? ይህ የሚለመደው አብሮ በመጫወት ነው። የኮሎራዶ ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ያለፈውን ዓመትም አብረው የተጫወቱ ስለሆኑ አንዷ የት እንደምትቆም ሌላዋ ሳታይ ታውቃለች።

የእኛም ችግር ቁርጥ ይሄው ነበር። ሦስቱም አዲስ ልጆች መወርወር ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ቆመን እናያቸዋለን። የሚመለስ ግን አልነበረም። አብረን የተለማመድነው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

መጨረሻቸውስ?

ኤል.ኤስ.ዩዎች ማሊያ አልመለሱም። ከዚያ ሽንፈት በኋላ 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ! አንጀል ሪስም ኅዳር 20 ቀን ተመልሳ ቨርጂኒያ ቴክን 82 ለ 64 ረቱ። እውነቱን ለመናገር ዋንጫውን ግን አልደገሙትም። ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ውስጥ ገብተው በአዮዋ 94 ለ 87 ተሸነፉ። ያም ሆኖ ዓመቱን በ31 ድልና በ6 ሽንፈት ጨረሱ።

ዋንጫውን ማን ወሰደው ብትሉ ሳውዝ ካሮላይና ነው። የሚገርመው ይህ ቡድን አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቹ ሄደውበት ነበር። በመጀመሪያ የተሰጠው ደረጃም 6ኛ ነው። ግን 38 ጨዋታ ተጫውቶ 38ቱንም አሸነፈ! ታዲያ ከውድድር በፊት የሚወራ ወሬ ምን ዋጋ አለው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለምትስቁብን ልጆች፦ አንድ ጨዋታ ስላያችሁ ቡድኑን ጨርሳችሁ አላያችሁትም። ዓርብ ከሰዓት ሁለተኛ ጨዋታ አለን፤ መጥታችሁ እዩን። እናሸንፋለን ብዬ አልምልም። ግን ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እየተለማመድን ነው፤ አሁን ቢያንስ ማን እንደምትመለስ እናውቃለን።

ማሊያ ለመለሳችሁት ለሁለቱ እህቶቻችን ደግሞ፦ ማሊያችሁ ለሌላ አልተሰጠም። ታጥቦ ስፖርት ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሐሙስ ልምምድ ላይ እንጠብቃችኋለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!