የድንኳን አዳር እውነተኛ ዋጋው ስንት ነው?

እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠቁሮ ጃንጥላ ሲዘረጋ አሜሪካ ላይ በጋ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የዓመት ፈቃድ ይወጣል፣ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን መኪና ላይ ጭነው ዘመድ ወዳለበት ከተማ ይነሳሉ። የአንዱ ጉዳይ ሠርግ ነው፣ የሌላው ክርስትና። ብዙዎችን ደግሞ የሚያንቀሳቅሳቸው እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተማ እየቀያየረ በየዓመቱ በጁላይ ወር መግቢያ ገደማ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ነው።

አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አያት ያሉበት ቤተሰብ በአውሮፕላን ልሂድ ቢል አምስት ቲኬት ይቆርጣል። መኪና ግን አንድ ሰው ጫነም አምስት የሚጠጣው ቤንዚን ብዙ አይለያይም። ስለዚህ በመኪና መሄድ ያዋጣል ይባላል። ችግሩ መንገዱ በአንድ ቀን የማያልቅ መሆኑ ነው። በየመንገዱ ሆቴል ለመግባት ለአምስት ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል መያዝ ያስፈልጋል። ከአውሮፕላኑ የተረፈው ገንዘብ ሆቴል ላይ ያልቃል። ከዚህ የተነሳ ዓይን የሚያርፈው አሜሪካኖች ካምፕ ግራውንድ በሚሉት፣ ድንኳን ተክሎ ወይም ተጎታች ቤት አቁሞ በሚታደርበት ሥፍራ ላይ ነው።

የካምፕ ግራውንድ ገበያ ግን ግራ ያጋባል። ለአንድ ሌሊት አንዱ ጋ የሚጠየቀው ሌላው ጋ ከሚጠየቀው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። በነጻ የሚታደርበትም አለ። መሬቱ ያው መሬት፣ ድንኳኑም ያው ድንኳን ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ርካሹን መምረጥስ ሁልጊዜ ያዋጣል? ይህን ለመመለስ በቅድሚያ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ለመዝናናት የወጣ ሰው የሚገዛው ሐይቁንና ጫካውን ነው። መንገደኛ ግን የሚገዛው የሾፌሩን እንቅልፍ ነው። ይህ ካልተያዘ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

ገበያው ላይ እነማን አሉ?

አቅራቢዎቹን በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ አውራ ጎዳና ዳር ያሉ የግል ድርጅቶች ናቸው። ከእነዚህ ታዋቂው ኬ.ኦ.ኤ. ነው። አጀማመሩ ራሱ የገበያ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያትል ውስጥ የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። ዴቭ ድራም የተባለ የሞንታና ነጋዴ ወደዚያ የሚጓዙት ቤተሰቦች በቢሊንግስ ከተማ በኩል ሲያልፉ አየና የሎውስቶን ወንዝ ዳር ባለው መሬቱ ላይ ለአንድ ሌሊት 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም እያስከፈለ ያሳድራቸው ጀመር። ዛሬ በዚያ ስም የሚሠሩት ሥፍራዎች አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው። ዋጋቸው ከመንግሥቱ ከፍ ይላል። ምክንያቱም የሚሸጡት ቅርበትን ነው። ከጎዳናው ወጥቶ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቃሉ፣ ሙቅ ሻወርና የልብስ ማጠቢያ አላቸው፣ ብዙዎቹም ድንኳን ለሌለው አልጋ ያለባት ትንሽ የእንጨት ቤት ያከራያሉ።

ሁለተኛዎቹ የየክፍለ ግዛቱ መንግሥት ፓርኮች ናቸው። ሦስተኛው የፌዴራል መንግሥት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ብሔራዊ ፓርኮቹን ቢሆንም ለመንገደኛ ይበልጥ የሚጠቅመው የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች መምሪያ ነው። ይህ መምሪያ በገነባቸው ግድቦች ሐይቆች ዳር በርካታ ካምፕ ግራውንዶች ያስተዳድራል። አራተኛው ነጻው ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች የመኪና ማቆሚያቸው ላይ እንዲታደር ይፈቅዳሉ። ይሁንና ፈቃዱ በየቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅና በየከተማው ደንብ የሚወሰን ሲሆን የሚፈቀደውም መኪና ውስጥ ለሚተኛ ነው። አስፋልት ላይ ድንኳን አይተከልም። አያትና ሕፃን ይዞ አምስት ሆኖ ወንበር ላይ ማደር እንቅልፍ ከተባለ ነጻ ነው።

ታሪፉ ላይ ያልተጻፈው

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። «ሀ» የተባለው የግል ሥፍራ 45 ዶላር ይጠይቃል እንበል። ከጎዳናው አንድ ማይል ይርቃል። «ለ» የተባለው የመንግሥት ሥፍራ 25 ዶላር ነው፤ 15 ማይል ይርቃል። ላይ ላዩን ሲታይ 20 ዶላር ይተርፋል።

ነገር ግን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ከአዳሩ ሌላ የመኪና መግቢያ ያስከፍላሉ። ካንሳስ ከእነዚህ አንዷ ናት። ጎረቤቷ ሚዙሪ ግን አታስከፍልም፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከሽያጭ ታክስ ላይ ከመቶ አንድ አሥረኛውን ለፓርኮችና ለአፈር ጥበቃ ስለመደበ የፓርኮቿ በር ነጻ ነው። «ለ» መግቢያው 5 ዶላር ነው ብንል 30 ደረሰ። ደርሶ መልሱ 30 ማይል ነው። በአንድ ጋሎን 25 ማይል የሚሄድ መኪና 1.2 ጋሎን ይፈጃል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ተኩል ብናሰላ 4 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይጨመራል። ድምሩ 34 ዶላር ከ20 ሆነ። በጠባብ የገጠር መንገድ 30 ማይል 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰዓት የቤተሰቡ ጊዜ 15 ዶላር ያወጣል ብንል 40 ደቂቃው 10 ዶላር ነው። ስለዚህ የ20 ዶላሩ ልዩነት ወደ 80 ሳንቲም ወረደ።

ይህ ማለት «ለ» መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ከቀኑ 9 ሰዓት ደርሶ ልጆቹ ሐይቅ ውስጥ ከዋኙ 40 ደቂቃው ኪሳራ ሳይሆን መዝናኛ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ደርሶ በባትሪ ብርሃን ድንኳን ለሚተክልና ጎህ ሲቀድ ለሚነሳ ሰው ግን ላላየው ሐይቅ ከፍሏል። የውኃ፣ የፍሳሽና የ50 አምፔር ኤሌክትሪክ መስመር ያለው ቦታም እንደዚሁ ነው። ለትልቅ ተጎታች ቤት የተዘጋጀ ስለሆነ ይወደዳል። ድንኳን የያዘ ሰው የማይሰካበትን ሶኬት መክፈል የለበትም።

አንድ ቅናሽም አለ። ዕድሜያቸው 62 ዓመት የሞላ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የፌዴራል መዝናኛ ሥፍራዎች የአረጋውያን ካርድ መግዛት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 የዕድሜ ልኩ በ10 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 80 ዶላር ሆኗል። የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው። ካርዱ በመሐንዲሶች መምሪያ ካምፕ ግራውንዶች የአዳሩን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። 25 ዶላር በሚከፈልበት ሥፍራ የዓመቱ ካርድ በሁለት ሌሊት ወጪውን መለሰ ማለት ነው። አያት ግሪን ካርድ ካላቸው መጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ የመጡ ከሆነ ግን አይሰጣቸውም፤ በክፍለ ግዛት ፓርክና በግል ሥፍራም አይሠራም።

ሰዓቱ ይቅደም፣ ቦታው ይከተል

የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2017 እንቅልፍ የተጫናቸው ሾፌሮች ያሉበት 91,000 የመኪና አደጋ ለፖሊስ ተመዝግቧል። 50,000 ያህል ሰው ቆስሏል፤ ወደ 800 የሚጠጋ ሞቷል። የፌዴራሉ ሕግ የጭነት መኪና ሾፌር ለ10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ወገኖቻችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ብዙ ስለሆኑ ሕጉን ያውቁታል። ሥራ ላይ የሚያከብሩትን ሕግ ልጆቻቸውን ጭነው ሲሄዱ የሚረሱበት ምክንያት የለም። በዚህ ዓይን ሲታይ ለሾፌሩ እንቅልፍ የተከፈለ 10 ወይም 15 ዶላር ትርፍ ወጪ አይደለም። በርካሽ የተያዘ ቦታ ደግሞ ሌሊቱን ባቡር የሚጮህበት ወይም ከባድ መኪና የሚያጓራበት ከሆነ ውድ ነው። ከመያዝ በፊት ካርታው ላይ የባቡር ሐዲድ መኖሩን ማየት ምንም አያስከፍልም።

ለምሳሌ ከዋሽንግተን ወደ ዴንቨር እንሂድ። ሁለቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። መንገዱ በአብዛኛው ኢንተርስቴት 70 ሲሆን ርዝመቱ ወደ 1,680 ማይል፣ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሦስት ጊዜ ተኩል እንደ መሄድ ይቆጠራል። በአራት ቀን ቢከፈል በአማካይ በቀን 420 ማይል ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ኦሃዮ ውስጥ ከኮሎምበስ ወዲህ፣ በባክአይ ሌክ አካባቢ መቆም ይቻላል፤ 380 ማይል ገደማ ነው። ጎዳና ዳር የግል ካምፕ ግራውንድ አለ። ሁለተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ ሚዙሪ ውስጥ እስካለው ግራሃም ኬቭ ፓርክ ድረስ 530 ማይል ያህል ይሆናል። ፓርኩ ከመውጫ 170 ሁለት ማይል ገደማ ብቻ ስለሚርቅ የመንግሥት ዋጋና የግል ቅርበት አንድ ላይ ከተገኙባቸው ጥቂት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ሦስተኛው ቀን 390 ማይል ተጉዞ ካንሳስ ውስጥ ዊልሰን ሐይቅ ላይ ያበቃል። የክፍለ ግዛቱ ፓርክም የመሐንዲሶቹ መምሪያ ሥፍራዎችም እዚያው አሉ። መውጫው 206 ነው። የመውጫ ቁጥር በአብዛኛው ከክፍለ ግዛቱ ድንበር ያለውን ማይል ስለሚያሳይ ለኮሎራዶ ድንበር 206 ማይል እንደቀረ ከቁጥሩ ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ዴንቨር ድረስ 380 ማይል ያህል ነው።

ረጅሙ ቀን ሁለተኛው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢንዲያና ወደ ኢሊኖይ ሲገባ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳ ቤተሰብ እረፍቱን ጨምሮ 10 ሰዓት ተኩል ቢጓዝ በቦታው ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ሲመለስ ግን ሰዓቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ያንኑ መንገድ በዚያው ሰዓት ተነስቶ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው የሚደርሰው። የሁለት ሰዓት ልዩነት ነው። ስለዚህ የመልሱ ዕቅድ የመሄጃው ግልባጭ መሆን የለበትም፤ ያ ቀን ማጠር አለበት።

እሑድ የሚነሳ ይጠቀማል

ፍላጎት በሳምንቱ ቀናት እኩል አይደለም። ዓርብና ቅዳሜ የአካባቢው ሰው ሐይቅ ዳር ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሥፍራዎች ቅዳሜና እሑድን ከሁለት ሌሊት፣ የበዓል ሰሞን ደግሞ ከሦስት ሌሊት በታች አያስይዙም። አንድ ሌሊት ብቻ የሚፈልግ መንገደኛ ቦታ እያለ ይመለሳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ድንኳኑ ሁሉ ይነቀላል። እሑድ ጠዋት ከዋሽንግተን የተነሳ ቤተሰብ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ አድሮ ረቡዕ ዴንቨር ይገባል። ሰፊ ምርጫ ይኖረዋል ማለት ነው።

ቦታ አስቀድሞ መያዝ ጥሩ ቢሆንም ደንቡን ማንበብ ያሻል። በፌዴራሉ የመያዣ ሥርዓት ቦታ የሰረዘ 10 ዶላር ይቀነስበታል። በዋዜማው ወይም በዕለቱ የሰረዘ የመጀመሪያውን ሌሊት ዋጋም ያጣል። ለአንድ ሌሊት የያዘ ሰው ሁሉንም አጣ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆን፣ የመድረሻው ቀን የማያጠራጥረውን የመጀመሪያውን ሌሊት አስቀድሞ መያዝ፣ የኋለኞቹን ግን በግል ሥፍራዎች በስልክ ጠይቆ በዋዜማው መወሰን ይሻላል።

በመጨረሻም ለቡና። ማገዶ ከቤት ጭኖ መሄድ ቁጠባ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ የተገኘው የአሽ ዛፍ ቀፋሪ ጥንዚዛ በየክፍለ ግዛቱ ከተሠራጨባቸው መንገዶች አንዱ በመኪና የተጓጓዘ ማገዶ ነው። ብዙ ፓርኮች ከሩቅ የመጣ እንጨት አያስገቡም። ማገዶውን እዚያው ይግዙ። ቡናውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ይጠጣ፤ በብዙዎቹ ሥፍራዎች ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። የሾፌሩ ስኒ ግን አቦል ላይ ቢቆም ይመረጣል። ጠዋት መሪ የሚይዘው እሱ ነው።