በየሰዓቱ አንድ ሥዕል

በባሕር ዳርቻ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ራሳቸው ክብ፣ እጅና እግራቸው ቀጭን መስመር ነው፤ አንደኛዋ ፀጉር አላት። ምንም አይነጋገሩም። አሜሪካዊው ራንዳል መንሮ መጋቢት 16 ቀን 2005 ዓ.ም. «ኤክስኬሲዲ» በተባለው የኢንተርኔት ኮሚኩ ያወጣው ሥዕል ይኸው ብቻ ነበር። ርእሱ «ጊዜ» ይላል። ግማሽ ሰዓት የታገሠ አንባቢ ግን ሥዕሉ ተለውጦ ጠበቀው።

መንሮ ፊዚክስ የተማረና በናሳ በሮቦት ሥራ የቆየ ሰው ነው። ለወትሮው ኮሚኩ በአንድ ገጽ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ይህኛው የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ እየተቀየረ አራት ወር ዘለቀ። ሐምሌ 19 ሲያበቃ የሥዕሎቹ ቁጥር 3,099 ደርሶ ነበር።

ተከታታይ ትረካ በራዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው የነገን ክፍል መናፈቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። የ«ጊዜ» አንባቢዎች ናፍቆት ግን ከዚያም የጠነከረ ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠብቁት አንዳንዴ አንዲት የአሸዋ ጉብታ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች የአሸዋ ግንብ ይሠራሉ፤ በአንዱ ሰዓት እጅ ይነሣል፣ በሚቀጥለው ይወርዳል። አንባቢዎቹ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ያለውን ልዩነት እየለቀሙ ያወጋሉ፤ አንዱ ሲተኛ በሌላ አህጉር ያለው ነቅቶ ይጠብቅና ያመለጠውን ይነግረዋል። ጊዜን የሚለኩበት የራሳቸው ቃል እንኳ ፈጠሩ፦ ከአንዱ ሥዕል እስከ ሌላው ያለውን ቆይታ «ኒውፒክስ» አሉት።

ጨዋታው የጦፈው በባሕሩ ነው። ውኃው ከፍ ይላል፤ ግን አይመለስም። የተለመደው የባሕር ሙላት ቢሆን ኖሮ ሰዓቱን ጠብቆ በሸሸ ነበር። ሁለቱ ሰዎችም ግራ ገብቷቸው ምክንያቱን ፍለጋ ጉዞ ጀመሩ። ሲመሽባቸው ሰማዩ በከዋክብት ተሞላ፤ የሥነ ፈለክ እውቀት ያላቸው አንባቢዎች ያን ሥዕል በቀላሉ አላለፉትም። ከዋክብቱ እኛ በምናውቃቸው ቦታ አልነበሩም። ምድር እንደ እንዝርት እየተወዛወዘች ስለምትሽከረከርና ከዋክብትም ራሳቸው ስለሚጓዙ፣ የሰማይ መልክ በሺህ ዓመታት ይለወጣል። አንባቢዎቹ ይህን አስልተው ታሪኩ የሚፈጸመው ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት በላይ በኋላ እንደሆነ ደረሱበት። ጥንታዊ ተረት የመሰላቸው የሩቅ መጪ ዘመን ሆኖ ተገኘ። እኔ በኮሚክ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የአንባቢ ሥራ አላውቅም።

ተጓዦቹ በኋላ የማይገባቸውን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ያገኛሉ። መንሮ ለእነዚያ ሰዎች ንግግር የተለየ ፊደል ስላበጀላቸው፣ አንባቢዎች «ቢኒሽ» ብለው ሰይመውት ምልክቶቹን በሠንጠረዥ እየደረደሩ ለመፍታት ብዙ ደከሙ።

የባሕሩም ምስጢር ተፈታ። ቦታው የደረቀው የሜዲትራኒያን ወለል ነው። ሜዲትራኒያን በትነት የሚያጣው ውኃ ወንዞችና ዝናብ ከሚመልሱለት ይበልጣል፤ ጉድለቱን የሚሞላው በጅብራልታር በኩል የሚገባው አትላንቲክ ነው። ያ በር ቢዘጋ ባሕሩ ይደርቃል። ከ5 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ይህ በእርግጥ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ናይል ወደ ደረቀው ጥልቀት እየወረደ የቦረቦረው ሸለቆ ዛሬም በግብፅ ምድር ሥር በደለል ተሞልቶ ይገኛል። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ በሩ እንደገና ተከፍቶ ውኃው እየመጣ ነው። ሁለቱ ሰዎች ይህን ሲረዱ ወገኖቻቸውን ለማዳን ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ አንባቢዎችም በየሰዓቱ አንድ እርምጃ ብቻ እያዩ አብረዋቸው ተጨነቁ።

ሥራው በ2006 ዓ.ም. በሥዕላዊ ታሪክ ዘርፍ ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል።

ዛሬ ሥዕሎቹን እንደ ፊልም አስሩጦ በአንድ ተቀምጦ መጨረስ ይቻላል። እባካችሁ እንዲያ አትዩት። ከወዳጅ ጋር ሆናችሁ አንድ በአንድ ግለጡት፤ የሌሊቱ ሰማይ ላይ ስትደርሱም ቆም በሉና ከዋክብቱን ተመልከቱ።