በካምፓላ ሙቀት ቆዳ ሲያሳክክ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፥ ካምፓላ ግን ከ1200 ሜትር እምብዛም አትበልጥም። ስለዚህ ከደጋ ሄደው በካባላጋላ ሠፈር የሚኖሩ ወገኖቻችን፥ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው የሙቀት ወራት የልጆቻቸው ቆዳ ሽፍ ብሎ ቢያሳክካቸው አያስደንቅም። እናት ወዲያውኑ ቅባት ታነሣለች። እኛ ግን አስቀድማ የሽፍታውን ዓይነት ትለይ ዘንድ እናሳስባለን።

በአንገትና በብብት ጥቃቅን ሆኖ የሚወጣው፥ ላብ መውጫ ሲያጣ የሚመጣ ነው። ይህ ቅባት አይወድም፤ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ስስ የጥጥ ልብስ ማልበስ ይበቃዋል።

ሳሙና በመብዛቱ የደረቀና የሚፈረፈር ቆዳ ከሆነ ግን አጃ ይረዳል። 1 ስኒ አጃ እንደ ዱቄት አልሞ ፈጭቶ ለብ ባለ የገላ ውሃ መበተን፥ በዚያም 10 ወይም 15 ደቂቃ መቈየት ነው። (አጃ ገንዳውን ያዳልጣልና ሕፃኑን ከእጅ አይልቀቁት።) ገላው ሳይታሽ በፎጣ ከደረቀ በኋላ፥ ርጥበቱ ሳይጠፋ፥ ከሰሜን ዩጋንዳ የሚመጣውን የሺ ዛፍ ፍሬ ቅባት በስሱ መቀባት ይገባል። ይህ ቅባት ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ዛፉም በእኛ ጋምቤላ ይበቅላል። ሎሚ ግን ከቶ አይቀባ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል።

ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፥ በጣቶች መካከል የሚታይና ወደ ሌላው ቤተ ሰብ የሚጋባ ከሆነ፥ እከክ ሳይሆን አይቀርምና አጃም ቅባትም አያድነውም። በቤት ያሉት ሁሉ፥ የማያሳክካቸውም ጭምር፥ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በአንድ ቀን ሊቀቡ፥ አንሶላውና ልብሱም በሙቅ ውሃ ሊታጠብ ያስፈልጋል።